የፌዴራሉ ለቤት፣ የስቴቱ ለእመቤቴ

ባለፈው ዓመት የግንቦት ልደታ ዕለት፣ ቅዳሴው አልቆ ሰው በራፍ ላይ ጫማውን ሲያፈላልግ፣ እኔ በሴቶች በኩል ጥግ ይዤ ተሳልኩ። ታናሽ እህቴ ካገባች ዘመን አስቆጥራ ልጅ አላገኘችም ነበር። ሐኪሙም ጠበሉም ተሞክሮ፣ እሷ ራሷ «ከእንግዲህ ይህን ነገር የሚያነሣብኝ ሰው ቤቴ አይምጣ» ብላ ከቆረጠች በኋላ ነው። «እመቤቴ፣ ለእህቴ ልጅ ብትሰጫት፣ ክርስትና በሚነሣበት ቀን ጥላ አስገባልሻለሁ» አልኩ። እዚያ ላይ ባቆም ይበቃ ነበር። ነገር ግን የሚከፈልበትን ሳያስቡ መሳል ድፍረት ይመስለኛል። ስለዚህ ምንጩንም ጨመርኩላት፤ «ከስቴት ከሚመለስልኝ ታክስ ነው።»

እዚህ አገር ላልኖረ ሰው ነገሩን ላስረዳ። ዓመቱን ሙሉ ከደመወዛችን ላይ ሁለት መንግሥት ይቆርጣል፤ አንዱ የመላው አሜሪካ፣ ፌዴራል የምንለው፣ ሌላው የምንኖርበት ስቴት፣ የኛ ጆርጂያ። ዓመቱ ሲያልቅ ሒሳቡ ተሠርቶ ይገባና፣ ከሚገባው በላይ የተቆረጠ ካለ ሁለቱም በየፊናቸው ይመልሳሉ። ሪፈንድ የምንለው ይኸው ነው። በኔ ቤት የፌዴራሉ ገና ሳይመጣ ሥራው ይታወቃል፤ ኪራይ አለ፣ የመኪና ኢንሹራንስ አለ፣ አገር ቤት የሚላክ አለ። የስቴቱ ግን እንደ ታናሽ ልጅ ነው፤ ኋላ ይመጣል፣ የት እንደገባም ሳይታወቅ ያልቃል። እኔ ለእሱ ክብር ልሰጠው ፈለግሁ። የፌዴራሉ ለቤት፣ የስቴቱ ለእመቤቴ።

ብርዱ ሳይወጣ እህቴ ሴት ልጅ ወለደች። የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው፤ ባሏ ሲደውልልኝ ለአንዲት ሴትዮ የብርቱካን ጭማቂ እየቀዳሁ ነበርና ጭማቂው ከብርጭቆው አልፎ ጠረጴዛውን፣ ከጠረጴዛው አልፎ የሴትዮዋን ነጠላ ጫማ አጠጣው። ሴትዮዋ ግን አልተቆጡም። ምን ሆነሽ ነው ብለው ሲጠይቁኝ እህቴ መውለዷን ነገርኳቸውና፣ እንግዲያው ሌላ ብርጭቆ ቅጂልኝና አብረን እንጠጣ አሉኝ።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ቄሱ ሲቆጥሩት ከፋሲካ በኋላ ባለ እሑድ ላይ ዋለ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ቀኑ ራሱ እሑድ መዋሉ የተዘጋጀልኝ መሰለኝ። ስለቱን ግን ለእህቴ አልነገርኳትም። ሳይፈጸም የተወራ ስለት ያሳፍራል፤ ደግሞም እሷ እንዲህ ያለውን ነገር ሰምታ ዝም የምትል ሰው አይደለችም።

ታክሴን የሚሠራልኝ ወንድም ቢሮው ቻምብሊ ነው፣ ከስልክ ጠጋኝና ከሜክሲኮ ዳቦ ቤት መካከል። በዐቢይ ጾም ሄድኩ፤ የዳቦው ቅቤ በግድግዳው አልፎ እየሸተተ ይፈትነኝ ነበር። ወረቀቶቼን በዓይነት በዓይነታቸው ለይቼ ስለምወስድ ይወደኛል። የፌዴራሉ የት ይግባ ሲለኝ የራሴን የባንክ ቁጥር ሰጠሁት። የስቴቱስ ሲለኝ ግን አስቀድሜ ያሰብኩበትን ሌላ ቁጥር አነበብኩለት፤ የጽዋ ማኅበራችንን።

ምክንያት ነበረኝ። እኔ ራሴን አውቃለሁ። ገንዘቡ ከኔ ገንዘብ ጋር ከተቀላቀለ፣ መኪናዬ አንድ ቀን ብትንኮሻኮሽ ከስለቱ ቆንጠር አደርግለታለሁ፣ ኋላ እተካዋለሁ እያልኩ ሳልተካው ቀኑ ይደርሳል። ጠበል ከዕቃ ማጠቢያ ውኃ ጋር አይቀመጥም። በእጄ ሳያልፍ በቀጥታ ከመንግሥት ወደ ማኅበሩ ቢገባ፣ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ጥላውን ይገዙልኛል፤ እኔም አልፈተንም። ይህን ያህል አስቤ፣ አውጥቼ አውርጄ ነው ያደረግሁት።

ታክስ ሠሪው ጣቱን ከመጻፊያው ላይ አንሥቶ፣ «ይሄኛው አካውንት ያንቺው ነው አይደል?» አለኝ።

«የእኛው ነው» አልኩት።

እሱም ጻፈው። ፋይል አደረገው። ይቅናሽ ብሎ ሸኘኝ።

ከዚያ ጀምሮ ሌላ ሰው ሆንኩ። ስቴቱ ሪፈንድ የት እንደደረሰ የሚታይበት የኢንተርኔት ገጽ አለው፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርን፣ እንደ መታወቂያ የሚያገለግለውን፣ ዓመቱንና የሚመለሰውን የገንዘብ ልክ ሲያስገቡለት ይመልሳል። በምሳ እረፍቴ ልብስ ከሚታጠፍበት ክፍል ገብቼ፣ አማትቤ እከፍተዋለሁ። አብራኝ የምትሠራው ጥቁር አሜሪካዊት፣ ስልኩን እንዲህ ደብቆ የሚያይ ሰው ፍቅረኛ ያለው ነው እያለች ትስቅብኛለች። የመጀመሪያ ቀን ገጹ እንዲህ ያለ ነገር የለኝም አለኝ። የሆነ ሰው በስሜ ወስዶብኝ ይሆን? ጨርሶ ሳይገባ ቀርቶ ይሆን? እየተንተባተብኩ ታክስ ሠሪው ጋ ደወልኩ።

«እህቴ» አለኝ፣ «ያስገባሽው የፌዴራሉን ልክ እንዳይሆን።»

የፌዴራሉን ነበር። ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ላይ ስለተሰፉ የላይኛውን አይቼ ነው። በስቴቱ ልክ፣ ሳንቲሙን ትቼ ሳስገባ፣ ደርሶናል፣ እየተመለከትነው ነው የሚል ወጣ። ደስ ብሎኝ ፎቶ አነሣሁት። ለምን ወዲያው አይልኩትም ብዬ ስጠይቀው ደግሞ፣ ስቴቱ የኔን ወረቀት አሠሪዬ ካስገባው ጋር እንደሚያስተያይ፣ የሚመለስለት ሰው በእርግጥ እኔ መሆኔን እንደሚመረምር አስረዳኝ። መዘግየቱ ላንቺ ጥበቃ ነው አለኝ። ገጹም በቀን አንዴ ቢታደስ ነው፤ ደጋግመሽ ብትከፍቺው አይፈጥንም አለኝ። እሺ አልኩት። ደጋግሜ መክፈቴን ግን አልተውኩም፤ በጎ ዜና የሚጠብቅ ሰው ደጅ ደጅ ማየቱ አይቀርም።

በዚህ መካከል ጥላውን መርጫለሁ። ስኮትዴል ቤታቸው ውስጥ ንዋየ ቅድሳት የሚሸጡ አባት አሉ፤ እዚያ አንዱን ዘርግተው አሳዩኝ። ጥልቅ ሰማያዊ ከፋይ ነው፤ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በወርቅ ክር ተጠልፋበታለች፤ ዙሪያውን ዘርፍ አለው፤ በየዘርፉ መካከል ደግሞ ሲነቀንቁት የሚንሾካሾኩ ትናንሽ ቃጭሎች። ዋጋው ከስቴቱ ሪፈንድ ጋር እጅግም አይራራቅም። ሌላም ሰው እንደሚፈልገው ነገሩኝ፤ ቢሆንም ለስለት ስለሆነ እስከ ክርስትናው ዋዜማ፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ ሊያቆዩልኝ ቃል ገቡ። ከዚያ በኋላ ግን አላቆየውም፣ ኋላ እንዳታዝኚብኝ አሉ። አላዝንም አልኳቸው። ምን ያሳዝነኛል፣ ገንዘቡ መንገድ ላይ ነው።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ገጹን ስከፍት ቃሉ ተለውጧል፤ ሪፈንድዎ ወጥቷል ይላል። በታጠፉት አንሶላዎች ላይ ፊቴን ደፍቼ፣ ድምፅ እንዳይሰማ እልል አልኩ። የሥራ ባልደረባዬ ሮጣ መጥታ ሰው የሞተብኝ መስሏት አቀፈችኝ። እንዳልሆነ ስነግራት፣ ለታክስ እንዲህ የሚሆን ሰው በሕይወቷ አይታ እንደማታውቅ፣ የሷን ግን መጥቼ ብጸልይላት እንደማትቃወም ነገረችኝ።

ለማኅበሩ ገንዘብ ያዥም ደወልኩ። እኚህ እናት በሱዳን በኩል ስደት ያዩ፣ አሁን ስኮትዴል የራሳቸው ቤት ያላቸው፣ ሁላችን «እማማ» የምንላቸው ናቸው። የባንኩን ነገር በስልካቸው ማየት ከማንኛችንም በላይ ያውቃሉ። አልገባም አሉኝ። በማግሥቱም ጠየቅኋቸው። ከዚያም ወዲያ ጠየቅኋቸው። ጠዋት እንዴት አደሩ ብዬ፣ ማታ እንዴት አመሹ ብዬ፣ ወደ ነገሩ ለመግባት ወገባቸውንም ጉልበታቸውንም እየጠየቅሁ።

በመጨረሻ፣ «ልጄ» አሉኝ፣ «ጉልበቴ ደኅና ነው። ባንኩን ደግሞ እኔ አልወለድኩትም።»

አፈርኩ። ግን ሳምንቱ ገፋ፤ ክርስትናው እሑድ ሊሆን ቀናት ብቻ ቀሩ። ገጹ ወጥቷል ይላል፤ እማማ አልገባም ይላሉ። በመካከል ያለው የት ሄደ? ታክስ ሠሪው ቢሮ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ሄድኩ። ወረቀቴን አወጣና የስቴቱን የባንክ ቁጥር በጣቱ ይዞ፣ ይሄ አካውንት በማን ስም ነው የተከፈተው አለኝ። በማኅበራችን ስም ነው አልኩት።

ወንበሩን ወደኔ አዞረ።

«እህቴ፣ ያኔ የእኛው ያልሽኝ የማኅበሩን ኖሯል? እኔ ያንቺና የቤተሰብሽ መስሎኝ።»

«የማኅበሩ የእኛ አይደለም እንዴ?»

«የእናንተማ ነው። ባንኩ ግን ይህን አያውቅም።»

እዚያው አስቀምጦ ወደ ስቴቱ ግብር መሥሪያ ቤት ስልክ አስደወለኝ። ሙዚቃ እያሰማ ረዥም ጊዜ አቆየን፤ እሱ ሌላ ደንበኛ ሠርቶ ሸኘ። በስተኋላ አንዲት ሴት አነሣች። ድምፅዋ እንደ ሕፃን ሐኪም የለሰለሰ ነበር። የሆነውን ነገረችኝ፤ ስቴቱ ገንዘቡን ልኳል፣ ባንኩ ግን የባለ አካውንቱ ስም ከኔ ስም ጋር ስላልገጠመ መልሶታል። ይህ ሲሆን ገንዘቡ አይጠፋም፤ በወረቀት ቼክ ተደርጎ፣ ታክሱ ላይ ወደተጻፈው አድራሻ በፖስታ ይላካል። የእኔም ቼክ ተጽፎ ወጥቷል፤ መንገድ ላይ ነው። መቼ እንደሚደርስ ግን ቀን ልትሰጠኝ አትችልም። ለምን የማኅበር ቁጥር እንደሰጠሁ ስትጠይቀኝ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ስለቱን፣ እህቴን፣ ጥላውን ነገርኳት። አክስቷ ጸሎት ስታደርግ እንዲህ በዝርዝር እንደምትነጋገር፣ እግዚአብሔርም ዝርዝር እንደማይጠላ ነገረችኝ። ስልኩን ዘግቼ ታክስ ሠሪውን አየሁት፤ ፈገግ ብሏል። ከባንኩም ከስቴቱም ሌባ የለም፤ ገንዘቤ አለ። የቀረው ፖስታ ቤቱና እሑድ እሽቅድድም መግጠማቸው ብቻ ነው።

እማማ ይህን ሲሰሙ ማኅበሩ ያበድርሽ አሉኝ፤ ቼኩ ሲመጣ ትመልሺያለሽ። እምቢ አልኩ። የተሳልኩት ከሚመለስልኝ ታክስ ነው። እጄ ያልገባ ገንዘብ ታምኜ በብድር ጥላ ብገዛ፣ ቼኩም ሳይመጣ ቢቀር፣ ያስገባሁት የማኅበሩን ጥላ ነው እንጂ የኔን አይደለም። «አንቺ ልጅ፣ ከእመቤታችን ጋር ውል ነው እንዴ የተፈራረምሽው?» አሉኝ። ነው አልኳቸው።

እማማ በኔ ሲያቅታቸው፣ ስለ ክርስትናው ምግብ ሲነጋገሩ ለእህቴ ጣል አደረጉላት፤ የእህትሽ ጥላ እንዲህ ሆኖ ቀረ ብለው። አርብ ከሥራ ስመለስ እህቴ ከዱሉዝ ድረስ መጥታ፣ ልጇን ከነሕፃን የመኪና ወንበሯ ታቅፋ በሬ ላይ ቆማለች።

«በኔ ማኅፀን ተስለሽ ከኔ ትደብቂያለሽ?»

ግቢ አልኳት።

«አልገባም። ሲሪየስሊ፣ እኔ የማላውቀው ስለት በኔ ልጅ ላይ? ሰው ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ? ታክስ እስኪመጣ ነው የወለድኩት ልበል?»

ልጅቷ ነቃችና አለቀሰች፤ እሷም ገባች። እያባበለችም መናገሯን አልተወችም። ስታስበው ግን ድምፅዋ እየወረደ ሄደ። መቼ ነው የተሳልሽው አለችኝ። ነገርኳት። ያኔ እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር አለች። አውቃለሁ አልኳት። ከዚያ በኋላ ስለ ጥላው ክርክር አላነሣችም፤ ነገ ጠዋት አብሬሽ ፖስታ እጠብቃለሁ ብላ እኔ ዘንድ አደረች።

ቅዳሜ የሦስታችን ዓይን የፖስታ ሳጥኖቹ ላይ ሆነ። ሦስተኛዋ ተኝታለች፣ ግን ቆጥሬያታለሁ። ባንኩ ቅዳሜ በጊዜ ይዘጋል፤ አባም የሚያቆዩልኝ የዛሬን ብቻ ነው። ፖስተኛው ከወትሮው አረፈደ። መኪናው በግቢው በር ሲታጠፍ እህቴ ከኔ ቀድማ ሮጠች፤ ያቺ ትናንት ስትቆጣኝ የነበረችው። የፒዛ ማስታወቂያ፣ የመብራት ሒሳብ፣ ከዚያ በመስኮቱ ስሜ የሚታይ ቀጭን ኤንቨሎፕ። ተሳለምኩት።

«ቼክ የሚሳለም ሰው አላየሁም» አለች እህቴ፣ ግን እሷም ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ግቢ፣ መኪና ውስጥ ግቢ።»

ባንኩ ሊዘጋ ሲል ደረስን። ገንዘብ ተቀባዩ ቼኩን ገልብጦ አየው፣ አስፈረመኝ፣ በስሜ ገቢ አድርጎ ደረሰኝ ሰጠኝ። ዛሬ ማውጣት እችላለሁ ወይ ስለው ግን ራሱን ነቀነቀ። ቼኩ በሚገባ ይከፈላል፤ ነገር ግን የሚለቀቀው ከእሑድ በኋላ ባለው የሥራ ቀን ነው። አጠገቤ ወንበር ነበርና ተቀመጥኩ። እመቤቴ፣ እስከዚህ አምጥተሽኝ?

እህቴ ደረሰኙን ከእጄ ወሰደችና አነበበችው።

«ይሄ የማን ስም ነው?»

«የኔ።»

«ከማን የመጣ ገንዘብ ነው?»

«ከስቴት።»

«በቃ፣ ያንቺ ገብቷል። ከእንግዲህ የዘገየው ባንኩ ነው፣ አንቺ አይደለሽም። ጥላውን ዛሬ እኔ እከፍላለሁ፣ አንቺ ሰኞ ትሰጪኛለሽ። ይሄ ብድር ከሆነ፣ የተበደረው ባንኩ ነው።»

አሰብኩበት። ማኅበሩ ያበድርሽ በተባልኩ ጊዜ ገንዘቡ ሰማይ ላይ ነበር፤ አሁን መሬት ላይ፣ በስሜ ነው። ደግሞ የምትከፍለው የልጅቷ እናት ናት። ቢሆንም ለንስሐ አባቴ ደወልኩላቸው፤ ለክርስትናው እየተዘጋጁ ነበርና ነገሩን ሳልጨርስ፣ ጥላው ከቅዳሴ በፊት ይድረሰኝ ብለው ዘጉት። መልሱን ከዚህ በላይ አልፈለግሁም።

ስኮትዴል ስንደርስ አባ ለሠርክ ጸሎት ሊወጡ ቁልፋቸውን ይዘዋል። ሌላኛዋ ገዢ ሁለት ጊዜ ደውላ እንደነበር ነገሩን። ጥላውን በነጭ ጨርቅ ጠቀለሉልን፤ እህቴ በስልኳ ከፈለች። ችግሩ ዘንጉ ነው፤ ከኋላ ወንበር እስከ ፊት መስታወት ቢጋደምም አልገባ አለ። በመጨረሻ በኔ በኩል መስኮት ከፍተን ጫፉን ወደ ውጭ አወጣነው፤ እኔ እንዳይወድቅ በሁለት እጄ አቅፌዋለሁ። በየቀይ መብራቱ ጎናችን የሚቆም ሁሉ ያየናል። አንዱ ሾፌር መስኮቱን አውርዶ፣ ከየት አገር ሰዎች እንደሆንን በራሱ ገምቶ ልክ አገኘውና፣ ሕፃኗንም አይቶ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት አለን፤ የሐበሻ ልጅ ነበር። እህቴ ጡሩምባዋን ነፋችለት። ከኋላ ከጨርቁ ሾልኮ የተንጠለጠለው ዘርፍ በመኪናው መንቀጥቀጥ እየተወዛወዘ ቃጭሎቹ ሲንሾካሾኩ ልጅቷ አንዴም አላለቀሰችም።

እሑድ ጠዋት ጥላው ቡራኬ ተቀበለ። ልጅቷ ተጠመቀች፤ ውኃው ሲነካት ቤተ ክርስቲያኑን አናወጠችው። ቅዳሴው ሲደርስ መጋረጃው ተገለጠና ሥጋውና ደሙ ወጣ፤ ዲያቆኑም ሰማያዊውን ጥላ ከላይ ዘረጋው። እህቴ ልጇን ታቅፋ ከሥሩ ገባች። እኔ ራቅ ብዬ በሴቶች በኩል ቆሜ ነበር። ልጅቷ ልትቀበል አፏን ስትከፍት ቃጭሎቹ ነቅነቅ አሉ፤ ቀና ብላ አየቻቸው፣ አፏንም እንደከፈተች ቆየች፣ ቄሱም ጊዜ አላጠፉም። ከኋላዬ እማማ እልልታቸውን ለቀቁት። እኔም በአንሶላ ውስጥ ያፈንኩትን እልልታ ዛሬ አላፈንኩም።